እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ

እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ (ጥሩነሽ ውቤ በመባልም ይታወቃሉ፤ ያረፉት ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ.ም.) የዓፄ ቴዎድሮስ ዳግማዊ ሁለተኛ ሚስት፣ የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ እናት እና የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም ልጅ ነበሩ። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ከሰባት ዓመት ልጃቸው ጋር ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በመንገድ ላይ አርፈዋል። መቃብራቸው በትግራይ በጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነው።

እቴጌ ጥሩወርቅ ዛሬ በውጭው ዓለም ይበልጥ የሚታወቁት በአንድ ልብስ ምክንያት ነው። ከመቅደላ የተወሰደው ባለ ጥልፍ ቀሚሳቸው ለንደን ውስጥ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ቀሚሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ መኳንንት ሴቶች ምን ይለብሱ እንደነበር በዓይን ከሚያሳዩ ጥቂት ቅርሶች አንዱ ነው። ከመቅደላ የተወሰዱ ቅርሶች ይመለሱ የሚለው ጥያቄም እርሱን ይጨምራል።

ስም

በኢትዮጵያ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ስማቸው አብዛኛውን ጊዜ ጥሩወርቅ ተብሎ ይጻፋል። በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ግን ጥሩነሽ በሚለው ስም ነው የሚያውቋቸው። በለንደኑ ሙዚየም መዝገብ ላይ ደግሞ «ንግሥት ወይዘሮ ጥሩነሽ» ተብለው ተመዝግበዋል። እዚህ ላይ «ወይዘሮ» የሚለው ቃል እንደ ስም የተወሰደ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ማዕረግ ነው። በዚያ ዘመን ወይዘሮ የሚባለው ዛሬ እንደምንለው ያገባች ሴት ሁሉ ሳይሆን ከነገሥታት ወይም ከታላላቅ መሳፍንት የተወለደች ሴት ነበረች። ጥሩወርቅ በትውልዳቸው ወይዘሮ፣ በጋብቻቸው እቴጌ ነበሩ።

ትውልድና ቤተሰብ

አባታቸው ደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ ላይ ከነበሩት ኃይለኛ ገዥዎች አንዱ ናቸው። መሠረታቸው ሰሜን ሲሆን በኋላ ትግራይን ጨምረው ይዘዋል። በዚህም ወደ ምፅዋ የሚወስደው የንግድ መንገድ በእጃቸው ገባ። በ1833 ዓ.ም. ከግብፅ ጳጳሱን አቡነ ሰላማን ያስመጡት እርሳቸው ናቸው። ንጉሠ ነገሥት ለመሆን አስበው በሰሜን ደረስጌ ላይ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል። እናታቸው ወይዘሮ ላቂያዬ ይባላሉ።

የውቤ ወንድም ብጡል ኃይለማርያም የእቴጌ ጣይቱ ብጡል አባት ናቸው። ስለዚህ ጥሩወርቅና ጣይቱ የወንድማማች ልጆች ነበሩ። ከአንድ ቤት የወጡት እነዚህ ሁለት ሴቶች ሁለቱም የኢትዮጵያ እቴጌ ሆነዋል፤ ዕጣቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው። ጣይቱ አዲስ አበባን ቆርቁረው፣ በዐድዋ ዘምተው፣ ረጅም ዘመን ኖረዋል። ጥሩወርቅ ግን በእቴጌነት የቆዩት ስምንት ዓመት ያህል ብቻ ነው።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ጦርነት ውቤን ድል አድርገው ማረኳቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላም ካሣ በዚያው ውቤ ለራሳቸው ዘውድ ባዘጋጁት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ራሳቸው ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ ዘውድ ጭነው ዓፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ጥሩወርቅ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበሩ። አባታቸው ከዚያ በኋላ ወደ ሥልጣን አልተመለሱም።

ጋብቻ

የዓፄ ቴዎድሮስ የመጀመሪያ ሚስት የራስ ዓሊ ልጅ እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. አረፉ። ንጉሡ እጅግ ይወዷቸው ስለነበር ኀዘናቸው ከባድ ነበር። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1852 ዓ.ም. አካባቢ፣ የእስረኛቸውን የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ።

በመቅደላ የታሰሩ አውሮፓውያን እንደጻፉት፣ ጥሩወርቅ ጋብቻውን መጀመሪያ አልፈለጉትም፤ ሐሳባቸው መመንኮስ ነበር። ነገር ግን አባታቸው በእስር ላይ ነበሩ። እሺ ካሉ ለዘመዶቻቸው ይራራላቸዋል የሚል ተስፋ ስለነበር ተስማሙ። ለቴዎድሮስም ጋብቻው ጥቅም ነበረው። የሰሜንን ታላቅ ቤት ከራሳቸው ጋር ያስተሳስራል፣ ከታላቅ ዘር የሚወለድ አልጋ ወራሽም ያስገኛል።

እንዲህ ያለ ጋብቻ በኢትዮጵያ ታሪክ አዲስ አልነበረም። ከአራት መቶ ዓመት በፊት የሐድያ ገዥ ልጅ የነበሩት እሌኒ ለዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተድረው ወደ ቤተ መንግሥት ገብተዋል። በዚያም ዘመን ሐድያና የመካከሉ መንግሥት ብዙ ጊዜ ይዋጉ ነበር። እሌኒ ግን ዕድሜ አግኝተው የብዙ ነገሥታት አማካሪ ሆነዋል፣ በልብነ ድንግል ልጅነት ጊዜ መንግሥቱን አስተዳድረዋል፣ ወደ ፖርቱጋልም መልእክተኛ ልከዋል። ዛሬ በሆሳዕና ከተማ የሚገኘው ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል። የጥሩወርቅ መነሻ ከእሌኒ ጋር ቢመሳሰልም እንዲህ ያለውን ዕድሜ ግን አላገኙም።

የትዳር ሕይወት

ጥሩወርቅ ማንበብ የሚችሉ፣ ጸሎት የሚያዘወትሩና በትውልዳቸው የሚኮሩ ሴት እንደነበሩ የዘመኑ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። በዚያ ጊዜ በቤተ ክህነት ካልሆነ በቀር ማንበብ የሚችል ሰው ጥቂት ነበር፤ ከሴቶች መካከል ደግሞ ይበልጥ ጥቂት ነበር።

ስለ እርሳቸው ከሚነገሩት ታሪኮች በጣም የታወቀው ይህ ነው። አንድ ቀን ንጉሡ ወደ እልፍኛቸው ሲገቡ ጥሩወርቅ ዳዊት ይደግሙ ነበር። ከመቀመጫቸውም አልተነሡም፣ ንባባቸውንም አላቋረጡም። ንጉሡ ተቆጥተው ለምን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ከእርሳቸው ከሚበልጥ ጋር እየተነጋገሩ እንደሆነ መለሱላቸው ይባላል። ታሪኩ እንዳለ ይሁን ወይም በአፍ ሲተላለፍ የተጨመረበት ይሁን፣ ሰው ስለ ባሕርያቸው ምን ያስብ እንደነበር ያሳያል።

ትዳሩ ሰላም አልነበረውም። ንጉሡ በኋላ ሌላ ሴት ወደ ቤታቸው አስገብተው እቴጌይቱን ችላ አሏቸው። እቴጌ ጥሩወርቅ በመቅደላ አምባ ላይ ከልጃቸው ጋር ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። በመጨረሻው ጊዜ፣ የእንግሊዝ ጦር ሲቃረብ፣ ባልና ሚስቱ እንደታረቁ ይነገራል።

ልጃቸው ዓለማየሁ የተወለዱት በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ነው።

የዘመኑ የሴቶች አለባበስ

የእቴጌ ጥሩወርቅን ቀሚስ ለመረዳት በዚያ ዘመን አንድ ልብስ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል።

መነሻው ጥጥ ነው። ጥጡ በቆላ ይበቅላል፤ ወደ ደጋ በገበያ ይወጣል። ሴቶች ፍሬውን በመዳመጫ ይለያሉ፣ በደጋን ይነድፋሉ፣ ባዘቶ ያደርጉታል፣ ከዚያም በእንዝርት ይፈትሉታል። ፈትል የሴት ሥራ ነበር፤ ደሃም ሆነች እመቤት፣ ሴት ልጅ መፍተል ትማራለች። ቀጭን መፍተል እንደ ሙያ ይቆጠር ስለነበር የመኳንንት ሚስቶችም ከቤት ሴቶቻቸው ጋር ይፈትሉ ነበር። የተፈተለው ክር ለሸማኔ ይሰጣል። ሽመና ደግሞ የወንድ ሥራ ነበር። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ድሩን ወጥሮ ማጉን በመወርወሪያ ያስገባል። ልብስ መስፋትም የወንዶች ሥራ ነበር። በዚህ ዓይነት አንድ ቀሚስ ከጥጥ ፍሬ ተነሥቶ እስኪለበስ ድረስ በብዙ ሰዎች እጅ ያልፋል፤ ወራትንም ይወስዳል።

ዋናው የሴት ልብስ ቀሚስ ነበር። ሰፊና ረጅም ሆኖ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። እጅጌው ረጅም ሲሆን ወደ አንጓ ሲደርስ ይጠብባል። ወገብ ላይ መቀነት ይታሰራል። መቀነቱ ረጅም ጨርቅ ሲሆን ብዙ ጊዜ ወገብ ላይ ይዞራል፤ ልብሱን ከመያዝ በተጨማሪ ጀርባን ያጠነክራል። ከላይ ነጠላ ወይም ኩታ ይደረባል፤ ለብርድ ጋቢ አለ። ነጠላ አለባበሱ ራሱ ይናገራል፤ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለድግስና ለኀዘን አጣጣሉ ይለያያል። የሸማው ጠርዝ ላይ የሚገባው ቀይ ጥለት ደግሞ የማዕረግ ምልክት ሊሆን ይችላል። ጃኖ የሚባለው ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ኩታ የታላላቅ ሰዎች ልብስ ነበር።

ተራ ሴት የምትለብሰው ቀሚስ ጌጥ የሌለው ነጭ ነበር። የመኳንንት ሴቶች ቀሚስ ግን በአንገቱ ዙሪያ፣ በደረቱና በእጅጌው ጫፍ ላይ በሐር ይጠለፋል። ሐሩ ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። ከሕንድና ከዐረብ አገር በምፅዋ በኩል ገብቶ በነጋዴ ቅፍለት ወደ ደጋው ይወጣል። ውድ ስለነበር ልብሱን በሙሉ ሳይሆን ዓይን የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ያስጌጣል። ይህም ለልብሱ የራሱ የሆነ ውበት ሰጥቶታል። ሰፊው ነጭ ጥጥ ባዶውን ይተዋል፣ አንገቱና ደረቱ ላይ ግን ቀለሙ ተሰብስቦ ይታያል። ዛሬም የሐበሻ ቀሚስ የሚባለው ልብስ በደረቱ መካከል የሚወርደው ጥለት ወይም ጥልፍ የዚሁ አሠራር ልጅ ነው።

ከልብሱ ጋር ጌጣጌጥ ይደረጋል። በአንገት ማተብና መስቀል፣ የብር ወይም የወርቅ ድሪ፣ በእጅ አምባርና ቀለበት፣ በእግር አልቦ ይደረጋል። ፀጉር ሹሩባ ይሠራል፣ ቅቤ ይቀባል፣ በወለባ ያጌጣል። ዓይን ይኳላል፤ እጅና እግር በእንሶስላ ይቀላል።

በዚሁ ዘመን በአውሮፓ የሴቶች አለባበስ በሌላ አቅጣጫ እየሄደ ነበር። በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በለንደንና በፓሪስ ክሪኖሊን የሚባለው በብረት ቀለበቶች የተወጠረ ሰፊ ጉርድ ፋሽን ነበር። ወገብ በኮርሴት ይጠበቃል። ጨርቁ በፋብሪካ ይሸመናል፤ የልብስ ስፌት መኪናም በየቤቱ መግባት ጀምሮ ነበር። የጥሩወርቅ ቀሚስ ግን ከፈትሉ እስከ ጥልፉ በእጅ የተሠራ ነው። ሰውነትን አያጣብቅም፤ ክብሩን የሚያሳየው በጨርቁ ስፋት፣ በፈትሉ ቅጥነትና በጥልፉ ነው። ሁለቱ ልብሶች በአንድ ዘመን የተሠሩ መሆናቸውን ማሰብ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ፋሽን በአውሮፓ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ጥሩ ትምህርት ነው።

የመቅደላ ጦርነት

ዓፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. በ1862) ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ንጉሡም በዚህ ተቆጥተው የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። በኋላ ለማስፈታት የመጡትን መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምንም አሰሯቸው። የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ 13,000 ያህል ወታደሮች ያሉት ጦር ከቦምቤይ ላከ። ጦሩ አብዛኛው ከሕንድ የመጣ ነበር። ይህ ነገር በኋላ ለቀሚሱ ታሪክ ይጠቅመናል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ጦርነት የቴዎድሮስ ጦር ተሸነፈ። ንጉሡ እስረኞቹን ለቀቁ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በትንሣኤ ማግሥት፣ እንግሊዞች አምባውን ሲወጡ ዓፄ ቴዎድሮስ በራሳቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አጠፉ።

ከዚያ በኋላ ዝርፊያ ሆነ። ወታደሮች ቤተ መንግሥቱን፣ ግምጃ ቤቱንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን በዘበዙ። አክሊሎች፣ ጽዋዎች፣ ታቦታት፣ መስቀሎች፣ በመቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት እንዲሁም ልብሶችና ጌጣጌጦች ተወሰዱ። ዕቃውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈልገዋል። በሚያዝያ 13 እና 14 በደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ተደረገና የተገኘው ገንዘብ ለወታደሮች ተከፋፈለ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላኩት ሪቻርድ ሆልምስ በጨረታው ላይ ዋና ገዥ ነበሩ። መቅደላም ተቃጠለ።

ከተወሰዱት መካከል የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስና ጌጣጌጦቻቸው ይገኙ ነበር። ባለቤቲቱ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ።

የመጨረሻው ጉዞና ዕረፍት

ባላቸውን ያጡት እቴጌ ከልጃቸው ጋር በእንግሊዞች እጅ ሆኑ። እርሳቸውም ሆኑ ልጁ በአገሩ መቆየት ያሰጋቸው ነበር፤ የቴዎድሮስ ጠላቶች ብዙ ነበሩ፣ አልጋ ወራሹም ለማንኛውም ተቀናቃኝ ጠቃሚ ምርኮ ነበር። ዓፄ ቴዎድሮስ ከመሞታቸው በፊት ልጃቸው በእንግሊዞች ጥበቃ ሥር እንዲሆን ይፈልጉ እንደነበር ራሳም ጽፈዋል።

ጦሩ ከመቅደላ ወደ ሰሜን ተነሥቶ በወሎ፣ በላስታና በትግራይ ተራሮች በኩል ወደ ዙላ ወደብ ሲጓዝ እቴጌ ጥሩወርቅ አብረው ተጓዙ። ነገር ግን ጤናቸው ተጎድቶ ነበር፤ የሳንባ ሕመም ነበረባቸው። ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1868)፣ ከባላቸው ሞት በኋላ በአንድ ወር ገደማ፣ ትግራይ ውስጥ በሰፈሩበት ቦታ አረፉ።

አስከሬናቸው ከመቐለ በስተደቡብ ወደምትገኘው ጨለቆት ተወስዶ በሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ይህ ቤተ ክርስቲያን በትግራዩ ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ የተሠራ ነው። ልጃቸው ዓለማየሁ ከተወለዱ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ከጥቂት ቀናት ሆኗቸዋል። በአንድ ወር ውስጥ አባትም እናትም አጡ።

ልጃቸውና እናታቸው

ልዑል ዓለማየሁ አማርኛ በሚችሉት በካፒቴን ስፒዲ ጠባቂነት ፌሮዝ በምትባል መርከብ ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ። በ1860 ዓ.ም. ክረምት በዋይት ደሴት በኦዝቦርን ቤተ መንግሥት ከንግሥት ቪክቶሪያ ጋር ተገናኙ። በዚያው ጊዜ ታዋቂዋ ፎቶግራፍ አንሺ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ልዑሉን በኢትዮጵያ ልብስና በአንገት ጌጥ ፎቶ አንሥታቸዋለች። ፎቶዎቹ ዛሬም በስፋት ይታያሉ። ብዙ ሳይቆይ ግን ልዑሉ እንደ እንግሊዝ ልጆች ለብሰው ማደግ ጀመሩ፤ በኋላ የተነሡት ፎቶዎች በኮትና በሱሪ ነው።

ልዑሉ በቼልተናምና በራግቢ ተምረው ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገቡ፤ ደስታ ግን አላገኙም። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመታቸው በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም አረፉ። በንግሥቲቱ ፈቃድ በዊንዘር ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀበሩ።

የጥሩወርቅ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ ልጃቸውን ቀብረው የልጅ ልጃቸውን በባሕር ተሻግሮ ሲሄድ አይተዋል። በኋላም ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ስለ ዓለማየሁ ጠይቀዋል። የእነዚህ ደብዳቤዎች መኖር የመቅደላን ታሪክ ከጦርነትና ከነገሥታት ታሪክ ባሻገር የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አድርጎ እንድናየው ይረዳል።

ቀሚሱ በለንደን

ጦሩ የተላከው ከሕንድ ስለነበር ከመቅደላ የመጣው ዕቃ ከፊሉ በሕንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1869 ሚኒስትሩ የእቴጌ ጥሩወርቅን ቀሚስና ጌጣጌጦች ለሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም ሰጡ። ይህ ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይባላል። የጥበብ ዕቃዎችንና አልባሳትን በመሰብሰብ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። ቀሚሱ በዚያ ከአውሮፓ፣ ከሕንድና ከቻይና አልባሳት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ከ150 ዓመት በላይ ቆይቷል።

ልብሱ ከጥጥ የተሸመነ ሲሆን በልዩ ልዩ ቀለም ባለው ሐር ተጠልፏል። የጥልፉ አቀማመጥ ከላይ የተገለጸውን የመኳንንት ሴቶች ልማድ የተከተለ ነው። አንዳንድ የእንግሊዝ ጋዜጦች «የንግሥቲቱ የሠርግ ልብስ» ብለው ጽፈውታል። ነገር ግን በኢትዮጵያ ልማድ እንዲህ ያለ ባለ ጥልፍ ቀሚስ ለሠርግ ብቻ ተሠርቶ የሚቀመጥ አይደለም፤ በበዓል፣ በግብርና በቤተ ክርስቲያን የሚለበስ የክብር ልብስ ነው።

ለልብስ ታሪክ ተማሪዎች የቀሚሱ ዋጋ ትልቅ ነው። ጥጥ ይበሰብሳል፣ ብል ይበላዋል፤ አሮጌ ልብስም ለድሃ ይሰጣል ወይም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የቀረ፣ ባለቤቱና ዘመኑ የታወቀ የኢትዮጵያ ሴት ልብስ ማግኘት ብርቅ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችና የተጓዦች መጻሕፍት ስለ ልብሱ ይነግሩናል፤ የክሩን ቅጥነትና የስፌቱን አሠራር የሚያሳየው ግን ልብሱ ራሱ ነው።

በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2018)፣ የመቅደላ ጦርነት 150ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ሙዚየሙ «መቅደላ 1868» በሚል ስም 20 ዕቃዎችን ለሕዝብ አሳየ። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ለጎንደር ቁስቋም የተሠሩት የወርቅ አክሊልና የወርቅ ጽዋ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ጋር አብረው ቀረቡ። ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋጅ በለንደን የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲና በእንግሊዝ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተማክረውበታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቀሚሱን በዓይናቸው ያዩት በዚህ ጊዜ ነው።

የማስመለስ ጥያቄ

ከመቅደላ የተወሰዱ ቅርሶች ይመለሱ የሚለው ጥያቄ የተጀመረው ገና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1864 ዓ.ም. ገደማ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው «ክብረ ነገሥት» የተባለውን መጽሐፍና «ኩርዓተ ርእሱ» የተባለውን ሥዕል ጠየቁ፤ መጽሐፉ ተመለሰ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ከቴዎድሮስ ዘውዶች አንዱ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ1965 ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም አምጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የኢትዮጵያ መንግሥት በእንግሊዝ ተቋማት የሚገኙ በመቶ የሚቆጠሩ ቅርሶች እንዲመለሱ በይፋ ጠይቋል። በዚህ ጥረት ውስጥ ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

በ2010 ዓ.ም. የሙዚየሙ ዳይሬክተር ቅርሶቹ ለረጅም ጊዜ በውሰት ወደ ኢትዮጵያ ሊሄዱ ይችላሉ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ለዚህ የሰጡት ምክንያት ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የእንግሊዝ የቅርስ ሕግ ሙዚየሙ ከስብስቡ ዕቃ አውጥቶ እንዳይሰጥ ይከለክላል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በጦርነት የተወሰደን የራስን ዕቃ በውሰት መቀበል አግባብ አይደለም የሚል ተቃውሞ ተነሥቷል።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም የዓፄ ቴዎድሮስን ፀጉር መልሷል። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የልዑል ዓለማየሁን አፅም ለመመለስ የቀረበውን ጥያቄ እንደማይቀበል አስታወቀ። ምክንያቱም አፅሙን ለማውጣት በአካባቢው የተቀበሉትን ሌሎች ማወክ ግድ ይሆናል የሚል ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ግን የልዑሉ የፀጉር ዘለላ በለንደን ለኢትዮጵያ ተወካዮች ተሰጥቷል።

የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ በዚህ ክርክር ውስጥ የተለየ ቦታ አለው። አክሊሉና ጽዋው የቤተ ክርስቲያን ወይም የመንግሥት ንብረት ናቸው። ቀሚሱ ግን የአንዲት ሴት ልብስ ነው። ባለቤቲቱ የጦር መሪ አልነበሩም፤ ጦርነቱንም አላስነሡም። ልብሳቸው የተወሰደው እርሳቸው በሕይወት እያሉ፣ ባላቸውን በቀበሩ ሰሞን ነው።

መታሰቢያ

እቴጌ ጥሩወርቅ በኢትዮጵያ የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ በአብዛኛው የሚጠቀሱት በሰው በኩል ነው፤ የውቤ ልጅ፣ የቴዎድሮስ ሚስት፣ የዓለማየሁ እናት ተብለው። በመቅደላ ዙሪያ በተጻፉ ድርሰቶችና ቴአትሮች ውስጥ ከዓፄ ቴዎድሮስና ከእቴጌ ተዋበች ስም ይልቅ የእርሳቸው ስም ያነሰ ይሰማል። ይሁን እንጂ አባታቸውን ለማዳን ያገቡ፣ በንጉሥ ፊት ጸሎታቸውን ያላቋረጡ፣ ልጃቸውን ይዘው ለስደት የተነሡ ሴት መሆናቸው በራሱ የሚታወስ ታሪክ ነው።

ዛሬ የቤተሰቡ ቅሪት በሦስት ቦታ ተበትኗል። እናት በጨለቆት፣ ልጅ በዊንዘር፣ የእናት ቀሚስ በለንደን ይገኛሉ። ዊንዘርና ለንደን በባቡር ከአንድ ሰዓት አይራራቁም፤ ጨለቆት ግን ሩቅ ናት።